በበሩ ውስጥ የነበረው ስም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። እሳቸው ፊት ስቀርብ ቁጣዬን፣ መጠጤን፣ የሻርኩትን ጾም እየዘረዘርኩ ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። አንተ አንባቢዬ ስለማታውቀኝ ነው የደፈርኩት፤ ይህም ድፍረት ከተባለ።

አዘዞ ባለው ቤቴ፣ ግቢዬ ውስጥ ባለው ጋራዥ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አድሻለሁ። የገዛኋት ከኮሶዬ፣ አያ ተገኘ ከሚባሉ ገበሬ ነው። ይነዳት የነበረው ልጃቸው አበጀ ታሞ ሞቷል። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና ያጠመቁት ቄስ ነበሩ፤ እነሱም አርፈዋል። አበጀ ግን በሕይወት ሳለ፣ «የመንገድ ነገር አይታወቅም» ብሎ ስሙን በመኪናዋ በር ውስጥ፣ ከሽፋኑ ስር ጽፎት፣ ቦታውን ለአባቱ አሳይቷቸው ነበር። አያ ተገኘ ማንበብ አይችሉም። ለጎረቤት እንዳያስነብቡ ደግሞ ድግምት ይፈራሉ።

«ማኪናይቱን ስትፈታት አንብበህ ንገረኝ መምህር» አሉኝ በሩን እየዳበሱ። «ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። ቄሶቹ ማን ብለው ይጥሩት?»

«ሸጋ!» አልኳቸው፣ በአነጋገራቸው እየቀለድኩ።

ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እሑድ እሑድ ጓደኞቼ ቢራቸውን ይዘው እየመጡ ያደንቁኝ ነበር፤ ብሎን የሚፈታ መምህር ተአምር ይመስል! እኔም ቱታዬን ለብሼ፣ እጄን ሆን ብዬ ግራሶ አስነክቼ ፊታቸው እንጎራደዳለሁ። እንዲህ ስንጎራደድ የበሩን ሽፋን ገነጠልኩ። ከዝገቱ መሐል በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አየሁ። አየሁ እኮ ነው የምልህ! ላንብበው አላልኩም። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ አጠፋሁት።

አያ ተገኘ ደወሉ። «አገኘኸው ወይ መምህር?»

አጠፋሁት፣ ይቅር ይበሉኝ ማለት ምን ይከብድ ነበር? እኔ የተማርኩት ተብዬ፣ ለገበሬ ተሳሳትኩ ማለት አነሰብኝ። አፌ ላይ የመጣውን ስም ወረወርኩላቸው።

«ወልደ ሰንበት ይላል።»

አለቀሱ። «እሰይ! ወልደ ሰንበት ነው ለካ የኔ ልጅ! ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። ያንን ምርቃት አሜን ብዬ ተቀበልኩ፣ እኔ ቀጣፊው።

ወልደ ሰንበት የራሴ የክርስትና ስም ነው። ስም መፍጠር እንኳ አልቻልኩም።

ይኸው በየዓመቱ ኮሶዬ ላይ የእኔ ስም ከሙታን ጋር ይጠራል። እኔ በቁሜ ይጸለይልኛል፤ አበጀን ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ፒክአፗ ታብረቀርቃለች። ከተማ ወጥቼ አራዳ ሳቆማት ሰው ከአጠገቧ ፎቶ ይነሳል።

ብነግራቸው ሽማግሌውን ባዶ እጃቸውን አስቀራቸዋለሁ፣ ዝምታዬ ለእሳቸው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። ለእሳቸው ብዬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው ያሉት ኮሶዬ ነው፤ መኪናውም መንገዱም አለኝ፣ አልሄድኩም።

ዘንድሮም ደወሉ። «ሸጋ ሆኖ ተጸለየለት መምህር። እስቲ አንተም ወልደ ሰንበትን ነፍስ ይማር በልልኝ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።