ጭራ የተቀጠለላት ሄሊኮፕተር

እፀገነትን ለማናደድ ብዙ አያስፈልግም፤ «ጭራዋስ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አርባዎቹን የተሻገረች ሴት ናት። ውቤ በረሃ ውስጥ፣ ከአባቷ በወረሰችው ጠባብ ሱቅ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየጠቀለለች ትተዳደራለች። የውኃ ፓምፕ ይሁን የወፍጮ ሞተር በእጇ ያልገባ የለም። ሱቋን ስትዘጋ ደግሞ የእድሩ ዕቃ ቤት ጥግ፣ ከድንኳኑና ከአግዳሚ ወንበሮቹ ጎን፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ትሠራለች። ሦስት ዓመት ሆናት።

ሄሊኮፕተሯ ጭራ የላትም። ተረስቶ አይደለም፤ ታስቦበት ነው። ከላይ የሚሽከረከረው ውልብልቢት ወደ አንድ ጎን ሲዞር፣ ከሥሩ ያለው አካል ወደ ተቃራኒው ልዙር ይላል። ብዙዎቹ ሄሊኮፕተሮች ጭራቸው ላይ ትንሽ ውልብልቢት ያላቸው ይህን ለመግታት ነው። ያቺ ትንሿ ግን ጉልበት ትበላለች፤ እፀገነት ያላት ደግሞ ከሞተር ሳይክል የወጣ አንድ ሞተር ነው። ሁለት ውልብልቢት ግራና ቀኝ ልትዘረጋ አስባ ነበር፤ ያ በግቢው በር አልወጣ አላት። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ማዕከል ላይ፣ አንዱን ከሌላው በላይ አደረገቻቸው። የላይኛው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የታችኛው ወደ ግራ። አንዱ አካሏን ላዙር ሲል ሌላው ይይዘዋል። ታዲያ ጭራ ምን ሊሠራላት?

ይህን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አስረድታለች። ጉንጯ እስኪዝል አስረድታለች። የሰማት የለም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ካሣሁን ማኪያቷቸውን ጠጥተው ሲመለሱ በዕቃ ቤቱ በር ብቅ ይሉና፣ «ጎበዝ! ጎበዝ! ጭራዋ መቼ ነው የሚገባላት?» ይሏታል። መልሷን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። ወንድ ቢሠራው ኖሮ «ጭራ የማያስፈልገው አዲስ ፈጠራ» ተብሎ በየካፌው ይወራለት ነበር። ሴት ስለሠራችው ግን የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ደም የሚያፈላው ይኼ ነው።

ዘንድሮ አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የፈጠራ ሥራ ትርኢት ተዘጋጀ። እፀገነትም ሄሊኮፕተሯን በአራት ጎን በገመድ አስራ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል እንድታስነሳ ተፈቀደላት፤ ለዚያች ጠዋት ብቻ። ሌላ ሜዳ ማን ይሰጣታል? የሠራችው ነገር መሬት ሲለቅ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ያን ማየት ብቻ ነበር የፈለገችው።

ዋዜማው ላይ የአክስቷ ተዝካር ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነበረና ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋለች። «ማጓጓዙን ለእኛ ተዪው፤ እድሩ ለምን አለ?» አሉ ጋሽ ካሣሁን። አባቷን በክብር የቀበረ እድር ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ስትደርስ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሽማግሌዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። መሃላቸው ሄሊኮፕተሯ ቆማለች፤ ከነጭራዋ!

በርና መስኮት የሚሠራው ኢልያስ ከቱቦላሬ ብረት በይዶ የቀጠለው፣ ቁመቱ አልጋ የሚያህል ጭራ ነበር። ጫፉ ላይ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ውልብልቢት ተገጥሞለታል። ሁሉም ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ እልልታ ነው የሚጠብቁት።

«ማነው?» አለች።

«ሁላችንም ነን!» አሉ ጋሽ ካሣሁን ፈገግ ብለው። «ሰው ፊት ጎዶሎ ሆና አትቅረብ ብለን አዋጥተን አሠራንልሽ። ኢልያስ ሌሊቱን አልተኛም።»

ሄዳ የላይኛውን ውልብልቢት በእጇ ገፋ አደረገችው። ሩብ ዙር ሄደና ያዘ። ደግማ ገፋችው፤ ያዘ። ጎንበስ ብላ አየች። ኢልያስ ጭራውን የበየደው የውልብልቢቶቹ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ከሚቀመጥበት ማቀፊያ ሥር ነው። ሙቀቱ ማቀፊያውን አጣሞታል። ዛሬ ማንም አያቃናውም።

«ገደላችኋት» አለች።

«ምነው እፀገነት? እኛ እኮ ላንቺው ብለን ነው» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

«ለእኔ ብላችሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጭራ አትፈልግም ስላችሁ አንድ ቀን ሰምታችሁኛል? ጋሽ ካሣሁን፣ እርስዎ አንድ ቀን ቆመው ሰምተውኛል? አናውቅም ብላችሁ እንኳ ዝም ብትሉ ምን ነበረበት? ከእኔ በላይ አወቃችሁ! ስትጠይቁኝ እንኳ መልሴን አትፈልጉትም!»

ኢልያስ አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሃል የትርኢቱ አስተባባሪ ከወደ በሩ እየተጣደፈ መጣ። ነገሩን ሲነግሩት፣ «ባትነሳም ግድ የለም፤ እንግዶቹ እየገቡ ነው። እንዲያውም በዚህ ጭራ ፎቶ ላይ ታምራለች» አለ።

እፀገነት ከዕቃ ሳጥኗ የብረት መቁረጫ ሴጌቶዋን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

«ልቆርጠው።»

«ከተቆረጠ ትነሳለች?»

«አትነሳም።»

«እና ለምን ትደክሚያለሽ?»

«የእኔ ሥራ አይደለማ! ሳትነሳ ብትቀር ልትቀር ትችላለች። እኔ ያልሠራሁት ነገር ተለጥፎባት ግን ሰው አያያትም!»

አስተባባሪው ሰዓቱን አየና ወደ እንግዶቹ ሄደ። እሷ ተንበርክካ ጭራውን በአንድ እጇ ይዛ መጋዝ ሞከረች፤ እየተወዛወዘ አስቸገራት። ጋሽ ካሣሁን ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ለኢልያስ ሰጡና በጭራው በኩል ዞረው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«የት ጋ ልያዝልሽ?» አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው። ቁጣዋ አልበረደም፤ የሚበርድም አልነበረም። ሰውዬው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቀዋት መልሷን እየጠበቁ ነበር።

«እዚህ ጋ፤ አጥብቀው ይያዙ» አለችና፣ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መቁረጥ ጀመረች።