የመርከብ ቀዳዳና የሱቅ ቁልፍ

አባቴ ቡታጅራ ውስጥ የብረታ ብረት ሱቅ ነበራቸው፤ ፌሮ፣ አንግል፣ ላሜራ፣ ሚስማር። ሱቁ በስማቸው ይሁን እንጂ ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ነበረች። በጥቃቅንና አነስተኛ ከተደራጁት በያጆች ጋር በዋጋ የምትከራከረው፣ ከአዲስ አበባ ጭነት የምታስመጣው እሷ ናት። አባባ ግን ወንድ ልጃቸውን ይጠብቁ ነበር። ወንድ ልጃቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያኔ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ፣ ውጭ አገር ለሚሠሩ መርከቦች በኮምፒውተር ንድፍ እሠራ ነበር። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ይሳቅብኝ።

ለአረፋ አገር ቤት ልገባ ስዘጋጅ እህቴ ደወለች።

«ዘንድሮ ዘመድ በተሰበሰበበት አባባ የሱቁን ቁልፍ ሊሰጡህ ነው።»

«አልቀበልም» አልኳት።

«እስቲ ፊታቸው ላይ በለው!» ብላ ዘጋችብኝ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። አባባን በዘመድ ፊት እምቢ ማለት የዋዛ ነገር አይደለም።

በሴቶች አረፋ ቀን፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ሴቶቹ ጓዳ ሲሯሯጡ፣ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ አረፍ አሉ።

«እስቲ ይሄን ሥራ ሥራ የምትለውን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። የመርከብ ግድግዳ ላሜራ ነው፤ እንዳይጣመም ከጀርባው ረጃጅም ብረቶች ይበየዱበታል። ብረቶቹ በመንገዳቸው ሌላ ላሜራ ካጋጠማቸው አቋርጠውት ማለፍ አለባቸው፤ ስለዚህ ያ ላሜራ ይቀደዳል። ብረቱ እንዲገባ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ይላል፤ የተረፈውን ክፍተት ላግ የምንላት ቁራጭ ላሜራ ትደፍነዋለች። በአንድ መርከብ ውስጥ እንዲህ ያለው ቦታ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሁሉን በእጅ ሲስሉ መኖር ነው እንዴ? ስለዚህ ኮድ እጽፋለሁ፦ ቀዳዳው ከብረቱ በዚህ ያህል ይብለጥ፣ ላጓም ቀዳዳውን በዚህ ያህል ትሸፍን። አባባ እያዩ የብረቱን ልክ ስቀይር ቀዳዳውም ላጓም አብረው ተቀየሩ።

«በራሱ ነው የተቀየረው?»

«በራሱ።»

«ታዲያ አንተ ምንድን ነው የምትሠራው?»

ላስደንቃቸው ብዬ ብረቱን በጣም አሳደግኩት። ቀዳዳው አደገ፤ ላጓ ባለችበት ቀረች። ለካ አንድ ቦታ ላይ ከቀዳዳው ጋር ማያያዝ ሲገባኝ ዝም ብዬ ቁጥር ጽፌያለሁ። ክፍተቱ ፍጥጥ ብሎ ታየ።

«ውሃ ይገባል» አሉ አባባ።

«አስተካክለዋለሁ።»

«እኛ ላሜራ ስንሸጥ ኖርን፤ ልጄ ቀዳዳውን ይሸጣል። ያውም የሚያፈስ! አጂብ!» ብለው ተነስተው ሄዱ።

በንዴት እየተብከነከንኩ ስህተቱን ያኔውኑ አረምኩት። ማን ይይልኝ?

በማግስቱ ከሶላት በኋላ ዘመድ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። ተበልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ አባባ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። እምቢታዬን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር።

«ይሄ ልጅ ቀዳዳ ነው የሚሸጠው» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ሱቄን ብሰጠው እሱንም ቀዶ ያስቀምጥልኛል።» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቁልፉን ለእህቴ ዘረጉላት። «በይ እንግዲህ፣ አንቺው ያዢው።» ሰዉም አሚን አለ።

እምቢታዬ አፌ ላይ ቀረ። ተገላገልኩ፤ ግን ደሜ ፈላ። አልፈልግም ያልኩትን ነገር አትረባም ተብዬ ስከለከል እንዲህ ያንገበግበኛል ብዬ መች አሰብኩ።

እህቴን ጓሮ ትሪ ስታጥብ አገኘኋት። ቁልፉን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራዋለች። «እንኳን ደስ አለሽ!» ብዬ ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሱቁን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለች። «የሰጡኝ ግን ጎበዝ ነሽ ብለው አይደለም። አንተ ስለማትሆን ነው።»

እውነቷን ነው። ትሪውን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ተከተልኳት። በዓል ስለሆነ መንገዱ ዳር ያለው ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። የእኛን ሱቅ በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠች።

«ዛሬ ማን ሊገዛ ይመጣል?» አልኳት።

«ማንም» አለች። «ልክፈተው ብዬ ነው።»