ገመድ ያለው ካሴት

በሹፌርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሚኒባሷ ባለቤት ጋሼ ይማም ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ስለ ቴፑ ግን መካነ ሰላም መናኸሪያ መሀል ቆመው ረጅም ትምህርት ሰጡኝ። "ሞተሩን እንደ ፍጥርጥርህ፤ ቴፑን ግን እንዳትነካብኝ!" አሉ። ቴፑ ያኔም ካሴት ያኝክ ነበር።

የደሴ መንገድ ያለ ዜማ አይገፋም። ልማዳችን ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ይመርጣል። አንዴ አንድ ዲያቆንና አንድ የጨርቅ ነጋዴ ጋቢና አብረው ገጠሙኝ። እስከ አቀስታ መንዙማ፣ ከአቀስታ ወዲያ መዝሙር ብለው ተካፈሉት። ሲወርዱ ተመራርቀው ተለያዩ።

ካሴት ከገበያ ሲጠፋ ከደሴ ገመድ ያለው ካሴት ገዛሁ። ሆዱ ውስጥ ክር የለውም፤ ከጎኑ የሚወጣው ቀጭን ገመድ ስልክ ላይ ይሰካና የስልኩ ዘፈን በአሮጌው ቴፕ ይንቆረቆራል። ጋሼ ይማም "ቴፑን ዘመናዊ አደረግሁት" እያሉ በየሻይ ቤቱ አወሩ። የተቃጠለውን የፊት ስፒከር ያስቀይሩልኝ ስላቸው ግን "ሰው የሚከፍለው ለወንበር ነው" አሉኝ። ስለዚህ ድምፁ የሚወጣው ከኋላ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ራሳቸው ጋቢና ገብተው አዲሱን ስልካቸውን ሰኩ። ካቤን እንዳለፍን ተደወለላቸው። ገመዱን ሳይነቅሉ ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ደዋዩ የሚያወራው ከኋላ ወንበሮች አናት ላይ ነበር።

"አይሰማም! ጩህ!" አሉት።

ጮኸ። የሚስታቸው ወንድም ነው። ሲሳሳቁ የነበሩት የኋላ ተሳፋሪዎች ጆሯቸውን አቁመው ማድመጥ ጀመሩ።

"አሁንም አይሰማም! ድገመው!"

ደገመው። በሞተሩ ጩኸት መሀል ታደሰ ተብሎ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ።

ደሴ ቅቤ የሚነግዱት ደንበኛችን እትዬ ዘሀራ ከመሀል ወንበር አንገታቸውን አሰገጉ። "አንተ ይማም፣ አብሽር፣ እኛ ሰምተንልሃል። የሚስትህ ወንድም 'ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ እንደተባባልነው ታደሰን ነዳጅ ይሰርቃል በልና አባረው' ነው የሚልህ። ምን ብለን እንመልስለት?"

ጋሼ ይማም ገመዱን መነጨቁት። "የመስመር ችግር ነው" አሉ።

"ወላሂ፣ መስመሩስ ደህና ነው!" አለ አንድ መምህር ከኋላ። መኪናው በሳቅ ተናጋ።

እኔ አልሳቅሁም። አንገቴ ድረስ ነደደኝ። አንድ ሊትር ሳላጎድል ያገለገልኳቸው ሰውዬ ሌባ ሊሉኝ ነበር። በዚያ መስመር ደግሞ ነዳጅ ሰረቀ ለተባለ ሹፌር ቁልፍ የሚሰጥ የለም።

በሳምንቱ የደዋዩ ልጅ መኪናዋን ተረከበ። ጋሼ ይማም ግን ስለ ነዳጅ ትንፍሽ አላሉም፤ መኪና ሙሉ ምስክር ነበረኝ። ወዲያውም የወግዲን መስመር የሚሠራ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ።

ለወጣት ሹፌሮች የምለው ይህን ነው፦ አሠሪያችሁ ጋቢና ሲገቡ ስልካቸውን ራሳችሁ ሰኩላቸው። ሲደወልላቸው አትንቀሉ።