የእሑድ እንቁላል

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሞያሌ አጠገብ፣ በኬንያ በኩል ባለችው ቡቲዬ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ባለቤቴ አራት ዶሮዎች ታረባለች። እሑድ የተጣለ እንቁላል የእግዚአብሔር ነው ብላ ቆርጣለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲቀር ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ጠፋ። ዶሮዎቹም ሳምንቱን ሙሉ ሳይጥሉ ሰንብተው እሑድ ጠዋት አንዷ ብቻ ጣለች።

«የዛሬዋን እንኳ ብንበላት ምን አለበት? እሱ ችግራችንን ያውቃል» አልኳት።

«ስለሚያውቅማ ነው የምሰጠው» አለችና እንቁላሏን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ ወጣች።

በቤተ ክርስቲያናችን በዓይነት የመጣ ስጦታ ከጸሎት በኋላ በጨረታ ይሸጣል። አጫራቹ ሽማግሌ እንቁላሏን ከፍ አድርገው ሲያሳዩ አንድ ሰው «አሥር ሽልንግ» አለ። ባለቤቴን አየኋት፤ ልጇን እንደምትድር እናት ቀና ብላ ተቀምጣለች። ኪሴ ውስጥ ከእሷ የደበቅኳት ሃምሳ ሽልንግ ነበረች። ሳላስበው እጄን አወጣሁ።

«ሃምሳ» አልኩ። ጉባኤው ሳቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ «ከየት አመጣኸው?» አለችኝ።

«ለክፉ ቀን ደብቄው ነበር።»

«እኔም ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት እሱ ዘንድ ነው» ብላ ክንዴን ያዘች።

እንቁላሏን ቀቅላ እኩል አካፈለችን። ሰኞ ተአምር አልመጣም፤ ሳምንቱን ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በጨው በላን። ከዚያ ወዲህ ግን ከእሷ የደበቅኩት ገንዘብ የለም፤ ስትሰጥም አልተከራከርኳትም።