ቢጫው ያልወጣ ዕለት

ከጅዳ ተመላሽ ነው፤ እዚያ ጠላቂዎችን በምታመላልስ ጀልባ ላይ ሠርቷል። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ማዶ፣ ሽርጡ እንደራሰ፣ ሁለት ረጃጅም የላስቲክ ከረጢቶች፣ አንድ ብርቱካናማ አንድ ቢጫ፣ ለዓሣ አጥማጆቹ ያሳያል። ዓይኑ ከውሃው አይነሣም።

«ፊኛ ልትሸጥልን ነው አያ?» ብለው ሳቁበት።

«ቀለሙን የመረጥኩት ከሩቅ እንድታዩት ነው። ከታች በትንፋሼ ሞልቼ እለቀዋለሁ፤ ገመዱ እጄ ላይ ይቀራል። ብርቱካናማው ‹ደህና ነኝ፣ አብሽሩ› ነው። ቢጫው ከወጣ ግን ልጄን አግኝቼዋለሁ፤ በታንኳ ድረሱልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ልጁ የሰጠመው በሰኔ ነው። ለሽርሽር ጀልባ ያላጣ ሐይቅ፣ የሰጠመ ሰው የሚያወጣ አንድ ጠላቂ የለውም! እኛም ከንፈራችንን መጠን ወደየቤታችን ገባን። አባት ግን ይኸው፣ ራሱ ይፈልጋል።

ጠለቀ። ሚስቱ የሻርቧን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። ብዙ ቆይቶ ብርቱካናማው ከውሃው ብቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው!» አሉ አጥማጆቹ። «አብሽሪ እንግዲህ!»

እሷ ብቻ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።