ናይማ ያልተናገረችው ቃል

ናይማ ሐርጌሳ ብትወለድም ያደገችው ድሬዳዋ ነው። አማርኛዋን የሰማ ሰው ሶማሌ መሆኗን ራሷ ካልነገረችው አያውቅም። ሐርጌሳ ከተመለሰች ወዲህ የምትተዳደረው በድምፅዋ ነው፤ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ለእርዳታ ድርጅቶች የጤና መልእክት ትቀርጻለች። ስቱዲዮዋ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ያለው ቁም ሳጥን ነው። የሚኒባስ ጥሩምባ እንዳይገባባት ከተሰቀሉት የድሪያ ቀሚሶቿ መሀል ትገባና በሩን ትዘጋለች።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ አየር መንገድ ቢሮ ትኬት እቆርጣለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የውጭ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ለአማርኛው ቅጂ ቀጠራት። ተጫዋቹን በረሃ የምታሻግር ነጋዴ ሆና አራት መቶ ያህል ዐረፍተ ነገር ቀረጸች። ጌሙን ስልኬ ላይ ጭኜ በምሳ ሰዓት እጫወት ነበር። ጎረቤቴ ጆሮዬ ውስጥ ሆና “እንበርታ፣ ውሃው ቅርብ ነው” ስትለኝ ደስ ይለኛል።

አምና ጌሙ ታደሰ። አንድ ቀን ስጫወት ተሸነፍኩ። ወዲያው በገንዘብ የሚገዛ ዝግ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለና የናይማ ድምፅ፣ “ሳጥኑን ገዝተን እንክፈተው! ምን እንደሚወጣልን አይታወቅም!” አለኝ።

ከሥራ ስወጣ በሯን አንኳኳሁ።

“ናይማ፣ ደግሞ ሎተሪ መሸጥ ጀመርሽ?”

ስልኬን ተቀብላ ሁለቴ ሰማችው።

“አቦ፣ ድምፁስ የእኔ ነው። ግን ወላሂ ይህን ብዬ አላውቅም!”

ኮንትራቷን አውጥታ አነበበች። ኮምፒውተር በድምፅዋ አዲስ ቃል እንዲፈጥር የፈቀደችበት መስመር የለም። ለኩባንያው ጻፈች፤ በሳምንቱ አንድ ኃላፊ በቪዲዮ አነጋገራት። እኔ ለእሱ በማልታይበት በኩል ተቀምጬ እሰማለሁ። ሰውየው ትሑት ነው።

“ማሽኑ ትንሽ ነው የጨመረበት። ቅር ካለሽ ክፍያሽን እናሻሽላለን” አላት።

ናይማ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“የከፈላችሁኝ ለተናገርኩት ነው። ያልተናገርኩትን ማንም ሊያናግረኝ አይችልም። ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚገዛ ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ቁማር ነው፣ የሚጫወቱትም ልጆች ናቸው። በእኔ አፍ አትሸጡትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ድምፄን ከሳጥኑ ካላወጣችሁት፣ ያደረጋችሁትን ለሌሎቹ የድምፅ ሠራተኞቻችሁ እነግራለሁ።”

ላብ ያጠመቀው እኔን ነው፤ እሷ እቴ!

ወሩ ሳያልቅ ድምፅዋን አወጡት። ሳጥኑ ግን እስካሁን በሙዚቃ ይሸጣል። ለቀጣዩ ክፍልም ሌላ ሰው ቀጠሩ። ይቆጭሽ እንደሆን ብዬ ጠየቅኳት።

“ሥራውን እወደው ነበር፤ ይቆጨኛል” አለችኝ። “እሺ ብል ግን ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ይቆጨኝ ነበር።”

ብዙም ሳይቆይ ያቺኑ ነጋዴ በስዋሂሊ የተናገረችው ሴት ነገሩን ሰምታ ከናይሮቢ ጻፈችላት። በእሷም ድምፅ ሳጥን ሲሸጥ ኖሯል። ሁለቱ ተጻጽፈው አንድ ገጽ ውል አዘጋጁ፦ ያለባለቤቱ ፈቃድ ድምፅን ለማሽን መስጠት አይቻልም። ናይማ አሁን ይህን ሳታስፈርም ሥራ አትጀምርም።

ባለፈው ወር አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለ አንድ ድርጅት ለክትባት መልእክት ጠራት። ኃላፊው አቶ ሚሊዮን ወረቀቱን አገላብጠው፣ “ይህ እኮ ጌም አይደለም፤ ምን ያደርጋል?” አሏት።

“ምንም አይጎዳዎትም” አለች እስክሪብቶ እያቀበለቻቸው። “ይፈርሙና እንጀምር።”

ፈረሙ።