የእናቴ መስኮት

አባቴ ግንበኛ ነው፤ በሰው በርና መስኮት ላይ የጡብ ቅስት ሲሠራ አረጀ። የራሱ መኝታ ቤት ግን መስኮት አልነበረውም። እናቴን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ሲሸነግላት ከርሞ፣ የአልጋ ቁራኛ ስትሆን ግድግዳውን ቀደደና ከላዩ ቅስት ሠራ። ጡቦቹን የተሸከመው የእንጨት ድጋፍ ግን ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ ዘጋው።

«አንሳልኝና ፀሐይ ልይበት» ብላ ለመነችው።

«ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከነካሁት ይናዳል። ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

ሲሚንቶው ሳይደርቅ እሷ ሞተች። ለቅሶው ሳይበተን፣ ሲሚንቶው ገና እንደረጠበ እንጨቱን ነቀለ፤ ቅስቱ ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ገብታ ባዶው ፍራሽ ላይ ተዘረጋች። ከለቀስተኞቹ አንዱ ቀና ብሎ አየና «እጅህን ይባርከው» አለው።

አባቴ እጆቹን ከኋላው ደበቀ። እኔ ግን አንጀቴ አልራራለትም።

«ደረቀልህ?» አልኩት።